ለሥራም ለጨዋታም የሚሆን የኮምፒውተር ሥርዓት ስለ መምረጥ

በአዊ አገር ፈረስ የሚገዛ ሰው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ብሎ አይገዛም። በሥራ ቀን ጭነት የሚችል፥ በገበያ ቀን ጌታውን የሚያደርስ፥ በበዓል ቀን ደግሞ በጉግስ ሜዳ የማያሳፍር አንድ ፈረስ ይፈልጋል እንጂ፥ ለየጉዳዩ ሦስት ፈረስ ለማሰር የሚችል ባለጸጋ ጥቂት ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ላይ በሽልማት አጊጠው ከሚታዩት ፈረሶች ብዙዎቹ በማግሥቱ ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ናቸው። ስለዚህ ገዥው አስቀድሞ ጥርሱን ይመለከታል፥ ሰኮናውን ያነሣል፥ ሽቅብና ቁልቁል ያስሮጠዋል፤ የጠጉሩን መልክ ግን በመጨረሻ ያያል።

ዛሬ የምናነሣው ነገር ከፈረስ የራቀ ቢመስልም፥ የሚያስፈልገው የገዥ ዓይን አንድ ነው። በጥሊሊም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ በሚገኝ የሹም ወይም የጸሓፊ ቤት አንድ ኮምፒውተር ቢኖር፥ ያ አንዱ ኮምፒውተር የብዙ ሰው አገልጋይ ነው። አባት በመሥሪያ ቤት ያልጨረሰውን ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ማታ ይጨርስበታል፤ እናት የዕቁቡንና የቤቱን ሒሳብ ትይዝበታለች፤ ልጆች የትምህርት ቤት ጽሑፋቸውን ይሠሩበታል፤ ከራት በኋላም ጌም ይጫወቱበታል። ይህን ሁሉ የሚያስተናግደው፥ በብረቱና በፕሮግራሞቹ መካከል ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ተራውን የሚሰጠው፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፥ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና የሚባለው ነው። እልፍኝ አስከልካይ የሌለበት ግቢ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው፥ የዚህን ሥርዓት ሥራ ለማስተዋል አይቸገርም።

ጉዳዩን አሁን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቤት የሚገኘው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ሥርዓት፥ ዊንዶውስ 10 የሚባለው፥ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የጥገናው ዘመን ተፈጸመ። ኩባንያው ለሚመዘገቡ ሰዎች የአንድ ዓመት የጥበቃ ማራዘሚያ ፈቅዷል፤ እርሱም የሚደርሰው እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ብቻ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ መሣሪያና፥ ባጭር ቃል ከ2017 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። (የውጭ አገሩን ነገር ስንናገር ዓመቱን የምንቈጥረው እንደ ፈረንጆች ነው፤ የአገራችንን ስንናገር ዓ.ም. እንላለን።) በአገራችን ገበያ የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙው ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ከደጃፉ ይመለሳል። የቤት ዓይነት የሆነው ዊንዶውስ 11 ሲጫንም የኢንተርኔት መሥመርና የኩባንያው መለያ ስም ይጠይቃል፤ ይህም መሥመሩ ለሚቋረጥበት ቤት ሌላ ችግር ነው።

እንግዲህ ሰው ምን ያደርጋል? ብዙው ጎረምሳ በፍላሽ ተቀድቶ የሚሸጠውን ያልተፈቀደ ቅጂ ያመጣል። ከቅጂውም ጋር ቁልፉን የሚሰብር ፕሮግራም ይመጣል፤ ያ ፕሮግራም ገና ሲነሣ የኮምፒውተሩን ጠባቂ ተኛ ብሎ የሚያዝ ነው፤ ከኋላው ምን ይዞ እንደሚገባም ማንም አይቈጣጠረውም። ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱ ልጅየው ለጌም ፈጣን ነው የተባለ እንዲህ ያለ ቅጂ ሲጭን ዲስኩን በሙሉ ደመሰሰው። አባቱ ያጣው የሦስት ዓመት ጽሕፈት ነበር፤ ከውስጡም ለይዞታ ክርክር የተዘጋጀ የወንድማማች የስምምነት ረቂቅ ይገኝበት ነበርና፥ ወንድማማቾቹ እንደ ገና ተቀምጠው ቃል በቃል ለመስማማት ፈቃደኛ ሆነው አልተገኙም። ጥፋቱ ግን የልጁ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። አንዱን ፈረስ ለጭነት የሚፈልገውና ለጉግስ የሚፈልገው ሳይመካከሩ ቢቀሩ፥ ፈረሱ በመካከል ይጎዳል።

ከዚህ የሚያወጣ መንገድ አለ፤ ይኸውም ምንጩ ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል። በቀድሞው ልማድ መጽሐፍ ያለው ሰው እናት መጽሐፉን ለጸሓፊ ያውሳል፤ ጸሓፊውም ይገለብጣል፤ በግልባጩ ስሕተት ቢገኝ ሊቁ በኅዳጉ ያርማል፤ እርማቱም ወደ ቀጣዩ ቅጂ ይገባል። ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም እንደዚሁ ነው፤ አሠራሩ የተጻፈበት ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ነው፥ መቅዳትም ማረምም ማካፈልም በፈቃዱ ላይ ተጽፏል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ በ1983 ይህን ሐሳብ ጂኤንዩ በሚል ስም ጀመረ፤ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓቱን አስኳል አወጣ፤ በ1993 ደግሞ ኢያን መርዶክ ደቢያን የተባለውን ማኅበር መሠረተ። በ2004 ኡቡንቱ የተባለው ከደቢያን ተወልዶ ወጣ፤ ያወጣውም የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ማርክ ሻትልወርዝ ነው፥ ስሙም በዚያ አገር ቋንቋ ሰውነት እንደ ማለት ነው።

ለአገራችንም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት በሺህ የሚቈጠሩ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ኮምፒውተሮች በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ። ዛሬም አንድሮይድ ስልክ በኪሱ የያዘ ሁሉ የሊኑክስን አስኳል ይዞ ይዞራል።

ነገር ግን ሊኑክስ አንድ አይደለም። አስኳሉ አንድ ሆኖ፥ በዙሪያው ያለውን ሁሉ እየሰበሰቡ የሚያዘጋጁት ማኅበሮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ዝግጅቱም ዲስትሪቢውሽን ይባላል። እዚህ ላይ ነው ምርጫው የሚከብደው። ወጣቶች ሲጠየቁ የሚመርጡት በየቀኑ አዲስ ነገር የሚወርድለትን ነው፤ አርች የሚባለው እንደዚህ ያለ ነው። ፌዶራም በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ይወጣል፥ የእያንዳንዱም የጥገና ዘመን ከአንድ ዓመት እምብዛም አይዘልም። እነዚህ ክፉ ሥርዓቶች ናቸው አንልም። ዳሩ ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የኢንተርኔት መሥመር ተቋርጦ ብዙ ወራት እንደ ቆየ እናስታውሳለን። በየሳምንቱ ካልተመገበ የማይቆም ሥርዓት በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይሆናል? ብዙ ወር ቆይቶ ሁሉን ባንድ ጊዜ ልቀበል ሲል አንዱ ከሌላው ይጋጭበታል።

ጽኑ የምንለው ሥርዓት ሁለት ነገር አለበት። አንደኛው በሥራ መካከል አለመውደቁ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሁለተኛውና የሚረሳው ግን አለመለዋወጡ ነው፤ ማለት ዛሬ የተማሩት አሠራር ከሦስት ዓመት በኋላም በቦታው መገኘቱ ነው። ደቢያን በዚህ ነገር የታወቀ ነው። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አንድ ዕትም ያወጣል፤ ከወጣ በኋላ የጥበቃና የስሕተት እርማት እንጂ አዲስ ዓመል አይጨምርበትም፤ ጥገናውም በጠቅላላው አምስት ዓመት ይቆያል። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው 13ኛው ዕትም ትሪክሲ ይባላል። (ለዕትሞቹ ሁሉ ስም የሚያወጡላቸው ከአንድ የልጆች ፊልም አሻንጉሊቶች ነው፤ እንዲህ ያለ ቁም ነገረኛ ማኅበር ይህን ማድረጉ ያስቃል።) ሲጫንም ጥያቄዎቹን በአማርኛ እንዲጠይቅ ለማድረግ ይቻላል። የኡቡንቱም የረጅም ዘመን ዕትሞች በየሁለት ዓመቱ ይወጣሉ፥ አምስት ዓመትም ይጠገናሉ። በ2006 የተጀመረው ሊኑክስ ሚንት በእነዚህ ላይ የተሠራ ነው፤ በ2024 የወጣው ሚንት 22 እስከ 2029 ድረስ ጥገና ይደረግለታል።

አሁን እኛን ይልቁን ወደሚመለከተን፥ ወደ ጽሕፈቱ እንለፍ። ለጸሓፊ የፈረሱ ጥርስ ፊደሉ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን፥ በየመሥሪያ ቤታችን የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግእዝ ባሉ ፊደላት ነበር። የእነዚህ ጠባይ እንዲህ ነው፤ በዓይን የሚታየው «ሀ» ቢሆንም በውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ቍጥር ነው። ስለዚህ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፥ ፍርዱም ውሳኔው ተለውጦ ቅንፍና ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ሥርዓቱን ከመለወጡ በፊት እንዲህ ያለ አሮጌ ጽሕፈት ያለው ሰው፥ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ወደ ዩኒኮድ ያዙረው፤ ያም ባይሆን እንዳይለወጥ በፒዲኤፍ ያስቀምጠው። ይህን ያላደረገ ሰው በኋላ ሊኑክስን ቢወቅስ ወቀሳው ከቦታው የወጣ ነው፤ ፊደሉ ካልተገኘ በአዲስ ዊንዶውስ ላይም ያው ይደርስበት ነበር።

በዩኒኮድ የተጻፈው ግን በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይነበባል። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት ነጻ ፊደላት መልካቸው ያማረ ነው። ለመጻፍም ኪማን የሚባለው የቁልፍ ሰሌዳ በሊኑክስ ይሠራል፤ ከሥርዓቱ ጋር የሚገኘውም አይባስ የተባለው በላቲን ቁልፍ የቃሉን ድምፅ እየመቱ አማርኛ ለማውጣት ያስችላል። በአዊኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ በአማርኛ የማናውቀው ድምፅ፥ እንደ ጘ ባሉ ፊደላት የሚጻፈው፥ ያስፈልገዋል፤ እርሱም በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ አለው፥ በተጠቀሱትም ፊደላት ይታያል። የመረጠውን የቁልፍ ሰሌዳ ግን ይህን ፊደል ማውጣት መቻሉን አስቀድሞ ይሞክረው።

ለደብዳቤና ለሒሳብ ሥራ የሚሆነው ሊብረኦፊስ ነው፤ በወርድና በኤክሴል የተሠራውን ይከፍታል፥ በዚያውም መልክ መልሶ ያስቀምጣል። አንድ ነገር ግን እንናገራለን። በኒያላ ፊደል የተጻፈ ባለ ብዙ ገጽ ጽሑፍ ኒያላ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ሌላ ፊደል ይተካበትና የመሥመሩ ርዝመት ይለወጣል፤ ስድስተኛው ገጽ ላይ የነበረው ፊርማ ሰባተኛው ላይ ይገኛል። ይህ በቤት ውስጥ ምንም አይደለም፤ በመዝገብ ቤት ግን «በገጽ 6 እንደ ተገለጸው» የሚል ማመልከቻ ስለሚኖር ታላቅ ነገር ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት የሚመላለሰውን ጽሑፍ በአንድ ነጻ ፊደል መጻፍ፥ ያንንም ፊደል በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ማኖር ይበጃል።

ወደ ጨዋታው ስንመጣ፥ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ጌምን እንደ ሥራ ፈትነት ይቈጥሩታል። የቀድሞ መኳንንት ሰንጠረዥ እየተጫወቱ ሌሊቱን ያነጉ እንደ ነበር ግን መዘንጋት አይገባም። ልጁ የሚጫወተውን በንቀት ሳይጠይቁት ሥርዓት የመረጡ እንደ ሆነ፥ ልጁ በሌላ ቀን ሥርዓቱን ራሱ ይመርጣል፤ እንዴት እንደሚመርጥም ከዚህ በላይ ተናግረናል።

የቀድሞው ነቀፋ ሊኑክስ ጌም አያጫውትም የሚል ነበር። ይህ ዛሬ በእጅጉ ተለውጧል። ዋይን የተባለ ፕሮግራም ከ1993 ጀምሮ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ እንዲሠሩ እንደ አስተርጓሚ ሆኖ ሲያገለግል ቆየ። በ2018 ስቲም የሚባለው የጌም መደብር ባለቤት፥ ቫልቭ የተባለ ኩባንያ፥ በዚሁ በዋይን ላይ ፕሮቶን የሚባለውን አወጣ። በ2022 ደግሞ ስቲም ዴክ የተባለ የእጅ መጫወቻ ለገበያ አቀረበ፤ መሣሪያው የሚሠራው በሊኑክስ ነውና፥ የጌም ሠሪዎች ሁሉ ዓይናቸውን ወደዚያ አዞሩ። ከዚህም የተነሣ እጅግ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞች በሊኑክስ ላይ ይጫወታሉ። የትኛው እንደሚሠራና እንደማይሠራ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚመሰክሩበት ፕሮቶንዲቢ የሚባል መዝገብ አለ።

ሆኖም ሦስት መሰናክሎች አሉ፤ ለልጁም ዲስኩ ከመለወጡ በፊት ሊነገሩት ይገባል፥ ከተለወጠ በኋላ መንገር ማታለል ይሆናልና። ከሁሉ የሚከፋው አታላይን ለመያዝ ተብሎ በጌሞች ላይ የሚቀመጠው ጠባቂ ነው። ይህ ጠባቂ በዊንዶውስ አስኳል ውስጥ ካልተቀመጠ በሩን አይከፍትም፤ ፎርትናይትና ቫሎራንት ስለዚህ በሊኑክስ አይሠሩም። ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረው፥ ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሆነው የኳስ ጨዋታም በዚሁ ምክንያት እምቢ ይላል። የአገራችን ጎረምሶች ከጌም ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ኳስ ስለ ሆነ፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ የሚፈልገው የዘንድሮውን የኳስ ጨዋታ ብቻ ከሆነ፥ ሊኑክስ አይሆነውም፤ ወይ ፕሌይስቴሽን ወዳለበት ቤት ይሂድ፥ ወይ ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ ዊንዶውስ በአንዱ ክፍል ይቀመጥ።

ሁለተኛው የኮምፒውተሩ ዕድሜ ነው። ፕሮቶን ቩልካን የሚባል የሥዕል ቋንቋ ይጠይቃል፤ ከ2015 በፊት የወጡት የኢንቴል የሥዕል መሣሪያዎች ደግሞ ይህን ቋንቋ አሟልተው አይናገሩም። እንዲህ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ለጽሕፈት ደኅና ሆኖ ሳለ ለታላላቅ ጌሞች ግን አይሆንም። ሦስተኛው ገንዘቡ ነው፤ የስቲም ዋጋ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ስለ ሆነ ለብዙዎቻችን አይመችም።

ስለዚህ በነጻ የሚገኙትን ማወቅ ይገባል። ሱፐርታክስካርት የመኪና እሽቅድድም ነው፥ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሮጣል። ዌስኖዝ የጦር ስልት ጨዋታ ነው፤ ተራ በተራ ስለሚጫወቱት የመብራት መቋረጥ ያን ያህል አይጎዳውም። ዜሮ ኤዲ የሚባለው ደግሞ የጥንት መንግሥታትን የሚያዋጋ ሆኖ፥ በ2018 ዕትሙ የኩሽን መንግሥት፥ የሜሮዌን ሰዎች፥ ጨምሯል፤ ይህን አንድ ልጅ ሲጫወት ያየ አባት ስለ ታሪክ የሚነግረው ነገር አያጣም። ሰንጠረዥ ለሚወዱትም ስቶክፊሽ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ከሰው ወገን የሚያሸንፈው የለም። በገንዘብ ከሚሸጡት መካከል ሲቪላይዜሽን 6 ለሊኑክስ በቀጥታ የተዘጋጀ ነው፤ በ2020 በወጣው ተጨማሪ ክፍልም ዳግማዊ ምኒልክ የኢትዮጵያ መሪ ሆነው ይታያሉ።

እንግዲህ የእኛን ፍርድ ለሚጠይቀን፥ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ላለበት ቤት የምንመርጠው ሊኑክስ ሚንትን ነው። መልኩ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው አያስደነግጥም፤ 4 ጊጋባይት ማስታወሻ ላለው ኮምፒውተር ይበቃዋል፤ የኤንቪዲያ የሥዕል መሣሪያ ያለውም የሚስማማውን ፕሮግራም በአንድ መስኮት ይጭናል። ጨዋታ ለማይነካው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ግን ደቢያንን እናስቀድማለን።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ፤ በእያንዳንዱ ሰው ስም መግቢያ መክፈት ነው። በሊኑክስ አባት የራሱ ክፍል፥ ልጅም የራሱ ክፍል ይኖረዋል። ልጁ በክፍሉ የፈለገውን ጌም ቢጭን፥ ቢያበላሽም፥ የአስተዳዳሪው የምሥጢር ቃል ከሌለው ሥርዓቱን ሊለውጥ አይችልም፤ ወደ አባቱም ጽሕፈት እንዳይገባ ይከለከላል። የምሥጢሩን ቃል በወረቀት ጽፎ ከኮምፒውተሩ ሥር ማስቀመጥ ግን ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ይህንም የምንናገረው በብዙ መሥሪያ ቤት ስለምናየው ነው። በሚንት ላይ ታይምሺፍት የሚባል ፕሮግራም ደግሞ የሥርዓቱን መልክ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ እየቀረጸ ያስቀምጣል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ወደ ትናንቱ መልክ ይመልሳል። የሚመልሰው ሥርዓቱን እንጂ የግል ጽሑፍን እንዳይደለ ማወቅ ይገባል፤ ለጽሑፉ በሌላ ዲስክ ላይ ለብቻ ግልባጭ ያስፈልገዋል።

ለመሞከር ምንም የሚጠፋ ነገር የለም። የሚንት ፋይል ሦስት ጊጋባይት ያህል ነው፤ መሥመሩ ደኅና በሆነበት ቦታ አውርዶ፥ ልኩን በቍጥሩ አመሳክሮ፥ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ማኖር ነው። ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ሲነሣ ዲስኩን ሳይነካ ሙሉው ሥርዓት ይታያል። በዚያን ጊዜ ዋይፋዩ መገናኘቱን፥ ድምፁ መሰማቱን፥ ማተሚያው አንድ ገጽ አማርኛ አስተካክሎ ማውጣቱን፥ ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት መንቃቱን መመልከት ነው። ዋናውን ለውጥ በመዝገብ በሚበዛበት ወር ከማድረግ ይልቅ፥ ፍርድ ቤቶች በክረምት በሚዘጉበት ጊዜ፥ ልጆችም ከትምህርት ዕረፍት በሆኑበት፥ አባትና ልጅ አብረው ተቀምጠው ቢያደርጉት ይሻላል። ከጫኑም በኋላ ፍላሹን አይደምስሱት፤ ጎረቤት ቢጠይቅ ማዋስም፥ እርሱም ለሌላው መቅዳቱ በፈቃዱ የተጻፈ መብት ነው።